የሩቅ ትውውቅ፦ የሕግ ተማሪ የመጀመሪያውን የሰመር ሥራ እንዴት ያገኛል?

የዛሬው ጉዳያችን ጠባብ ይመስላል፦ አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚማር ልጅ የሰመር ሥራ በሰው በኩል እንዴት ያገኛል የሚል ነው። ወላጆች ከተማሪ ልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ እንድትሰሙ የፈለግሁት በምክንያት ነው። በዚህ ጉዳይ ልጁን የሚያስረውም የሚፈታውም ቤት ውስጥ የሚሰማው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። "አንተ ብቻ ተማር፤ ውጤትህ ካማረ ሥራው ራሱ ይመጣል" የሚለው ምክራችን ከፍቅር የመጣ ነው። ለሕግ ተማሪ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ በዚያ ግማሽ እውነት ተማምኖ የመጀመሪያውን ዓመት በዝምታ የሚያሳልፍ ልጅ ብዙ ነው።

ሥርዓቱን በአጭሩ ላስረዳ። የሕግ ትምህርት እዚህ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ የሚገባበት የሦስት ዓመት ትምህርት ነው። በሦስቱ ዓመታት መካከል ሁለት ሰመሮች አሉ። ሁለተኛው ሰመር በትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ዘንድ የቅጥር በር ነው። ተማሪው ዐሥር ሳምንት ያህል ይሠራል፤ ሥራው ከተወደደለት ሲመረቅ ተመልሶ እንዲቀጠር ይጠየቃል። ክፍያው አዲስ ጠበቃ በሚያገኘው ልክ ይታሰባል። በትልልቆቹ ድርጅቶች የጀማሪ ጠበቃ ደመወዝ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በዓመት 225,000 ዶላር ስለ ደረሰ፣ እዚያ የገባ የሰመር ተማሪ በሳምንት ከ4,000 ዶላር በላይ ይዞ ይወጣል። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወላጅ በዜና የሚሰማው ይህን ነው፤ የሚደርሰው ግን ለጥቂቱ ነው።

የመጀመሪያው ሰመር ሌላ ነው። አንድ ገበያ የለውም። ጥቂት ቦታዎች ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ አሉ፤ የቀሩት ተበታትነው ይገኛሉ። ዳኛ ዘንድ፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ፣ ለድሆች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ውስጥ፣ ሁለትና ሦስት ጠበቃ ብቻ ባለው ትንሽ ቢሮ፣ ምርምሩን የሚያግዘው ተማሪ በሚፈልግ ፕሮፌሰር ዘንድ። ብዙዎቹ ደመወዝ አይከፍሉም። ብዙዎቹም ማስታወቂያ አውጥተው ተማሪ አይለምኑም፤ ቦታው መኖሩን የሚያውቀው የጠየቀ ነው።

ጊዜውን ደግሞ እዩት። ትምህርቱ ኦገስት ላይ ይጀምራል። በአብዛኛው ኮርስ ውጤቱ የሚወሰነው ዲሴምበር ላይ በሚሰጥ አንድ የመጨረሻ ፈተና ነው፤ ነጥቡ የሚታወቀው ጃንዋሪ ውስጥ ነው። ነጥቡም ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተነጻጽረው፣ በከርቭ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኤ ሲደረድር የኖረ ልጅ እዚህ መካከል ላይ ተቀምጦ ራሱን ሊያገኝ ይችላል። የሰመር ሥራ ፍለጋ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ትምህርት ቤቶችንና ቀጣሪዎችን የሚያሰባስበው ናልፕ የሚባለው ማኅበር ቀድሞ መመሪያ ነበረው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዲሴምበር 1 በፊት ለቀጣሪ እንዳያመለክት ይመክር ነበር። በ2018 መጨረሻ ማኅበሩ እነዚያን የቀን ገደቦች አነሣ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው በየዓመቱ ወደ ፊት እየተሳበ መጥቷል። ስለዚህ ልጁ የሚያሳየው ነጥብ በእጁ ሳይገባ፣ ገና የውል ሕግን ከጉዳት ካሣ ሕግ መለየት በሚማርበት ወራት፣ ሰው ማነጋገር መጀመር አለበት። አባቱ ወይም አክስቱ ጠበቃ የሆኑለት ልጅ ይህን ኦገስት ላይ ያውቀዋል። የእኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማርች ላይ፣ የክፍል ጓደኞቹ ቦታ ከያዙ በኋላ ነው። የችሎታ ልዩነት የለም፤ የወሬ መዘግየት ነው።

ወሬ ከየት ይመጣል? ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ከቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ፣ በቅርብ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ጠየቀ። ጥናቱ በ1973 ታተመ። ሥራቸውን በሰው በኩል ካገኙት መካከል፣ ያን ሰው ዘወትር የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ የሚያዩት፣ 27.8 በመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚያገኙት ሰው ነበር ወሬውን ያደረሳቸው። ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው፤ አንድ ግብዣ እንሄዳለን፣ አንድ ለቅሶ እንደርሳለን፣ አንድ ወሬ እንሰማለን። ሩቅ የሆነው ሰው ግን ሌላ ክበብ ውስጥ ስለሚውል እኛ የማንሰማውን ይሰማል። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች በሊንክድኢን ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አምስት ዓመት ተከታትለው ሐሳቡን ፈተሹት። ለሥራ ለውጥ ይበልጥ የጠቀመው መካከለኛ የሆነ የሩቅ ትውውቅ ነበር፤ ጭራሽ የማይተዋወቁም ያልሆኑ፣ እጅግ የተቀራረቡም ያልሆኑ ሰዎች።

ይህን ውጤት ሳነብ የማስበው ስለ እኛ ማኅበረሰብ ነው። በቅርብ ትስስር ማን ይስተካከለናል? ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የሰንበቴው ማኅበር፣ የክርስትና ልጅነቱ አለ። አንድ ሰው ሲታመም ሆስፒታሉ መቀመጫ ያጣል። ይህ ሀብታችን ነው፤ በአንዱም ጉዳይ ይቀንስ አልልም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ገመድ ወደ ውስጥ የተጠመጠመ ነው። ዐሥር ቤተሰብ አንድ ጠበቃ የማያውቅ ከሆነ፣ ዐሥሩ ቤተሰብ በየሳምንቱ ቢገናኝም ልጁ ስለ ፍርድ ቤት ሥራ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም። የጎደለን የሩቁ ትውውቅ ነው። እሱም የጎደለን ባለማግኘት አይደለም፤ ባለመቁጠር ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣ። "ይሄ በዘመድ መቀጠር አይደለም ወይ? ከዚያ ሸሽተን አይደለም ወይ የመጣነው?" ጥያቄው ክብር ይገባዋል። የራሱ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ ሰው ያለው ገብቶ ሲቀመጥ በዐይኑ ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ከዚያም በፊት አያቶቻችን ሹመት ፍለጋ በመኳንንት ደጅ ብዙ ጊዜ የጠኑ ናቸው። ደጅ ጥናት ምን ያህል ክብር እንደሚፈትን ከእነሱ ሰምተን አድገናል። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውን ምሳሌ እናውቀዋለን፤ ልጆቻችንን ስናሳድግ ግን የምናስተምራቸው ተቃራኒውን፣ ሳይጠየቁ አለመናገርን ነው።

በዘመድ መቀጠር ማለት ችሎታ ሳይመዘን ቦታ ሲሰጥ ነው። እኔ የምናገርለት ሌላ ነው። ተማሪው ሥራ አይለምንም፤ ስለ ሥራው ይጠይቃል። ቀጣሪው አሁንም ሬዙሜውን ያያል፣ የጽሑፍ ናሙናውን ያነባል፣ ኢንተርቪው ያደርጋል፣ ካልተስማማው ይመልሰዋል። የሚለወጠው ሁለት ነገር ነው፦ ተማሪው ቦታው መኖሩን በጊዜ ያውቃል፤ ማመልከቻው ሲነበብ ደግሞ "ይቺን ልጅ አነጋግሬያታለሁ" የሚል አንድ ሰው ይኖራል። ድንበሩ ሁልጊዜ የጠራ ነው ብዬ አላታልላችሁም። የትልቅ ደንበኛ ልጅ ስለሆነ ብቻ ቦታ የሚያገኝ ተማሪ እዚህም አገር አለ፤ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው። ነገር ግን የእኛ ልጅ አፉን ዘግቶ በመቀመጡ ያ ጉድለት አይስተካከልም፤ የሚጨምረው የተቀመጡትን ቁጥር ብቻ ነው።

ትውውቅ በራሱ ምን ያህል እንደሚያደርስ፣ የት ላይም እንደሚቆም የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከስታንፎርድ የሕግ ትምህርት ቤት በ1952 ከክፍሏ ከፊተኞቹ ተርታ ሆና ተመረቀች። በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ያወጡትን ድርጅቶች ብትጠይቅ ሴት አናነጋግርም አሏት። አባቷ በአንድ ትልቅ የሎስ አንጀለስ ድርጅት ጠበቃ የሆነ የኮሌጅ ጓደኛ ነበረቻት፤ በእሱ በኩል ኢንተርቪው አገኘች። የተጠየቀችው ታይፕ ትችያለሽ ወይ ተብሎ ነው፤ የቀረበላትም የጸሐፊነት ሥራ ነበር። ትውውቁ በሩን ከፈተ፤ በዚያ ዘመን ከበሩ ወዲያ ያለውን ግድግዳ ግን ሊያፈርሰው አልቻለም። እሷ ምን አደረገች? በሳን ማቴዎ ካውንቲ የሚገኘው የመንግሥት ጠበቃ ቀድሞ አንዲት ሴት ቀጥሮ እንደ ነበር ሰማች። ይህን ወሬ ይዛ ራሷ ሄደች። ገንዘብ የለኝም፣ ባዶ ክፍልም የለኝም ሲላት፣ ያለ ደመወዝ ለመጀመርና ከጸሐፊዋ ጋር አንድ ክፍል ለመጋራት ተስማማች። የሕግ ሥራዋ የተጀመረው እዚያ ነው። በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነች። ከዚህ ታሪክ ተማሪዎች እንድትይዙልኝ የምፈልገው ትንሿን ነገር ነው፤ የጠቀማት የጓደኛዋ አባት ሥልጣን አልነበረም፤ "እዚያ ቢሮ አንድ ጊዜ ሴት ተቀጥራ ነበር" የምትለው ወሬ ነበረች።

ሌላው ታሪክ ከዚሁ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። ተርጉድ ማርሻል የባልቲሞር ልጅ ነው። በየቀኑ በባቡር ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሰ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ጥብቅ መምህር ነበር። ማርሻል ከእሱ የወሰደው ነጥብ ብቻ አልነበረም። አብሮት ተጓዘ፣ አብሮት የደቡቡን ጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሁኔታ አየ፣ ከዚያም ሁለቱ በአንድነት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዶናልድ መሪ የተባለውን ጥቁር ተማሪ እንዲቀበል ተከራክረው በ1936 ይግባኙንም አሸነፉ። በዚያው ዓመት ማርሻል በሂውስተን በኩል ለጥቁሮች መብት በሚከራከረው ማኅበር፣ ኒውዮርክ በሚገኘው በኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ቢሮ ሥራ ጀመረ። የኋላውን ታውቁታላችሁ፤ በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። መምህር ለተማሪ ከሁሉ የሚቀርብ የሙያ ሰው ነው። ልጆቻችን ግን ፕሮፌሰርን በቢሮ ሰዓት ማነጋገር ድፍረት ይመስላቸዋል። ያ ሰዓት የተመደበው ለእነሱ ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንግባ። አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እናስቀምጥ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ወጣት ተከሳሾችን መርዳት ትፈልጋለች፤ በቤተሰቧ ጠበቃ የለም። እናቷ ሆስፒታል ትሠራለች። ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ሲቀያየሩ ብቻ ሰላም ይባባላሉ። የባልደረባዋ የባል ወንድም ሮክቪል ባለው የተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ጠበቃ ነው። እናት ይህን የምታውቀው አንድ ቀን በወሬ ወሬ ስለ ሰማች ነው። እዚህ ላይ እናት የምትለው ቃል ሁሉን ይወስናል። "ለልጄ ሥራ አስገቢልኝ" ካለች፣ ባልደረባዋ ትጨነቃለች፣ ጠበቃውም ይርቃል። "ልጄ ሕግ ትማራለች፤ ስለ ሥራው ሃያ ደቂቃ ብትጠይቀው ደስ ይላታል፤ ኢሜይሉን ለእሷ ብንሰጣት ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ካለች ግን ማንንም አላስቸገረችም። ከዚህ በኋላ እናት ትወጣለች። የሚጽፈው ልጅ ነው፤ የሚደውለው ልጅ ነው፤ ወላጅ ተከትሎ አይጠይቅም።

ልጅቱ የምትጽፈው ኢሜይል አጭር ነው፤ በስልክ ገጽ ላይ አንዴ የሚነበብ። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። አድራሻዎን ያገኘሁት በፈቃድዎ ከወንድምዎ ባለቤት ነው። ወጣቶች በሚከሰሱበት ጉዳይ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። እርስዎ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደ መጡና የአንድ ቀን ውሎዎ ምን እንደሚመስል ብሰማ ብዙ እማርበታለሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በስልክ ወይም ቢሮዎ አጠገብ ቡና ላይ ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ አመሰግናለሁ።" ሬዙሜ ካልተጠየቀ አይያያዝም። መልስ ካልመጣ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ አንዴ ብቻ በትሕትና ማስታወስ ይገባል። ከዚያም ዝም ካለ፣ ስለ ልጅቱ የተሰጠ ፍርድ እንዳይመስላት። ጠበቃ ችሎት ላይ ከርሞ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል።

ስትገናኝ ስለ ቢሮው ቀድማ አንብባ ትሄዳለች። ጥያቄዎቿ ሰውየው ብቻ ሊመልሳቸው የሚችሉ ይሁኑ። "በመጀመሪያው ዓመትዎ ምን ቢያውቁ ኖሮ ይጠቅምዎት ነበር?" "ከሰመር ተማሪዎች መካከል የሚያስታውሱት ምን ያደረገውን ነው?" "እዚህ ቢሮ የተማሪ ማመልከቻ የሚያየው ማነው፣ መቼስ ነው?" ስለ ደንበኞቹ ምሥጢር አትጠይቅም፤ ይህን አለመጠየቋ ራሱ ሙያውን እንደ ተረዳች ይነግረዋል። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ እሷው ታስታውሳለች። ከመነሣቷ በፊት ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ "ሌላ ማንን ባነጋግር ይጠቅመኛል ይላሉ?" ምናልባት የእሱ ቢሮ የዘንድሮውን ተማሪዎች ይዞ ጨርሷል። ነገር ግን ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ድርጅት የተዛወረች የቀድሞ ባልደረባ ትኖረዋለች፤ ስሟን ይሰጣታል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰው ዘንድ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው መንገድ ጠቋሚ ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የምስጋና ኢሜይል ትጽፋለች፤ እሱ ከነገራት አንድ ነገር ጠቅሳ። ቀኑን፣ ስሙንና የተባለውን በአንድ ሠንጠረዥ ትመዘግባለች። ምክሩን ተከትላ የሆነ ውጤት ካገኘች ከወር በኋላ ትነግረዋለች። ሰው የሰጠው ምክር ምን እንዳፈራ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ለሁለተኛ ጊዜም ይሰጣል።

ስለ አስተዳደጋችን አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ይጎዳል። ታላቅን ሰው ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ብለን አሳድገናል። ራስን ማወደስ ደግሞ ከነውርም ይከፋል። እዚህ አገር ኢንተርቪው ላይ ዐይኑን የሰበረ ልጅ ጨዋ አይባልም፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ወይም ፍላጎት የሌለው ይመስላል። ልጆቻችን ጨዋነታቸውን እንዲተዉ አልልም። ፊት ለፊት መመልከት እዚህ የአክብሮት ምልክት መሆኑን ቤት ውስጥ ብንነግራቸው ግን ሁለቱን ባህል ይዘው ይሄዳሉ። ስለ ራስ መናገርም ከውሸትና ከትዕቢት የሚለየው በማስረጃ ነው፤ "ጎበዝ ነኝ" ከማለት "ባለፈው ሰመስተር ከቤት ስለ ማስለቀቅ ጉዳይ ዐሥራ አምስት ገጽ የሕግ ማስታወሻ ጽፌያለሁ" ማለት ይበልጣል። አጠራር ላይም እንዲሁ። ብዙ ጠበቃ በስሜ ጥራኝ ይላል፤ ሲል መታዘዝ ነው። ዳኛ ግን ሁልጊዜ ዳኛ ተብሎ ይጠራል። የራሳችሁን ስም ደግሞ ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ አታሳጥሩት፤ ሰው እንዲይዘው አንድ ጊዜ ድገሙለት።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ተማሪ ዕድለኛ ነው። በጁዲሺየሪ ስኩዌር አጠገብ የዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት አለ፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ከሰዓት ሄዶ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ጠበቆችን በሥራቸው ላይ ያሳያል፤ በኋላ ለአንዱ ሲጻፍ "ክርክርዎን ሰምቼ ነበር" ማለት ከየትኛውም መግቢያ ይበልጣል። የዲሲ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች አገልግሎት ተማሪዎችን ምስክር ፍለጋና ማስረጃ ማሰባሰብ ላይ የሚያሰማራ የታወቀ የኢንተርን ፕሮግራም አለው። የጠበቆች ማኅበራት ተማሪን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ በአባልነት ይቀበላሉ። ከእነዚህ መካከል ናሽናል ባር አሶሲዬሽን የተመሠረተው በ1925 ዴ ሞይን፣ አይዋ ውስጥ ነው። ዋናው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በዚያ ዘመን ጥቁሮችን ስለማይቀበል፣ ጥቁር ጠበቆች የራሳቸውን የመተዋወቂያ ቤት ሠሩ። በር የተዘጋበት ሕዝብ ትውውቅን እንደ መሣሪያ የያዘበት ታሪክ ነው፤ ልጆቻችን ወደዚያ ስብሰባ ሲገቡ ይህን አውቀው ይግቡ።

አማርኛቸውም ሀብት ነው። የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የጥገኝነት፣ የቤት ኪራይ፣ የቤተሰብ ጉዳይ የያዙ ቢሮዎች አማርኛ የሚችል ተማሪ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጅ ሙሉ ሰመሩን ሲያስተረጉም ውሎ ሴፕቴምበር ላይ የሚያሳየው አንድ የሕግ ጽሑፍ ከሌለው ተጎድቷል። ከመጀመሪያው ቀን "ማስተርጎሙን አግዛለሁ፤ የምርምርና የጽሑፍ ሥራም እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ" ብሎ ይስማማ። ለትርፍ የሚሠራ የጥብቅና ቢሮ ተማሪን ጸሐፊና አስተርጓሚ አድርጎ በነጻ ቢያሠራ ደግሞ በፌዴራል የደመወዝ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቶች የሚመዝኑት ከግንኙነቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ማነው የሚለውን ነው። መንግሥትና በጎ አድራጎት ድርጅቶች በጎ ፈቃደኛ መቀበል ይችላሉ፤ የግል ቢሮ፣ የወገን ቢሮም ቢሆን፣ የተሠራበትን ይክፈል።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ፦ ያለ ደመወዝ ሦስት ወር መሥራት ለሠራተኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ ይህን የሚክድ ሰው ኪራይ ከፍሎ አያውቅም። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለሕዝብ ጥቅም በነጻ ለሚሠሩ ተማሪዎች የሰመር ድጎማ አላቸው። ማመልከቻው ግን የራሱ ቀን አለው፤ አንዳንዱም ተማሪው በዓመቱ ውስጥ በገንዘብ ማሰባሰቢያው እንዲያገለግል ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራው ከመገኘቱ በፊት ስለ ድጎማው መጠየቅ ያስፈልጋል። የወረቀት ጉዳይም አለ። የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር በአጠቃላይ ዜግነት ይጠይቃል። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ደመወዝ የሌለውንም ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ።

አሁን ቃል ወደገባሁት፣ ሳንቆጥር ወደተውነው ትውውቅ ልመለስ። በዚህ ከተማ መሀል ያሉ የመኪና ማቆሚያዎችን እናውቃቸዋለን። የሚሠሩባቸው ወገኖቻችን ስንት ጠበቃ በየቀኑ በስሙ ጠርተው ሰላም ይላሉ? ታክሲ የሚነዱ አባቶች ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ፍርድ ቤት ስንት ሰው አድርሰዋል? ሕፃን የሚንከባከቡ፣ ምግብ ቤት ያላቸው፣ በአዛውንት ቤት የሚሠሩ እናቶች የማን ቤተሰብ ዘንድ ይውላሉ? ግራኖቬተር የለካው የሩቅ ትውውቅ ይኸው ነው። ብዙ አባት ግን ልጁ ጠበቃ ዘንድ ስትቀርብ የእሱ ሥራ እንዳያሳፍራት ብሎ ዝም ይላል። አባቶቼ፣ ይህ ዝምታ ልጃችሁን ይጎዳል። ዐሥር ዓመት በየጠዋቱ በታማኝነት ያገለገላችሁት ሰው "ልጄ ሕግ ትማራለች" ስትሉት የሚሰማው ክብር ነው። ሃያ ደቂቃ መስጠት ለእሱ ትንሽ ነገር ነው፤ ባይችልም የጠፋ ነገር የለም። ለደንበኛችሁ የማይመች ከሆነ፣ ወይም አሠሪያችሁ የማይወድ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ እንጀራችሁ ይቀድማል።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ከልጃችሁ ጋር ወረቀት አውጡ፤ የዘመድ ስም አትጻፉ። በዓመት አንዴ ሁለቴ የምታገኟቸውን፣ በሥራ፣ በልጆች ትምህርት ቤት፣ በጉርብትና የምታውቋቸውን ጻፉ። ልጁ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የካሪየር ቢሮ የቀድሞ ተማሪዎችን ዝርዝር ይጠይቅ፤ የኮሌጁን ጭምር፤ ሊንክድኢን ላይም የትምህርት ቤቱን ገጽ ከፍቶ በከተማና በሙያ ይለይ። ከሁለቱ ዝርዝር ዐሥራ አምስት ሰው ከተገኘ ብዙ ነው። በሳምንት ለሁለት ሰው ብቻ መጻፍ ጥናቱን አይጎዳም። የፈተና ሳምንታት ሲደርሱ ደግሞ ሁሉንም ትቶ ያጥና፤ ውጤት አያስፈልግም ያለ የለም። ደካማ ነጥብ ይዞ ብዙ ሰው የሚያውቅ ተማሪም የሚቸገርበት ቦታ ብዙ ነው፤ በተለይ ዳኞችና ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ።

ሥራው ተገኝቶ ሰመሩ ከገባ በኋላ ስላለው ጥቂት ልጨምር፤ የሚረሳው እሱ ነው። ቀድሞ ትልልቅ ድርጅቶች የሁለተኛውን ሰመር ተማሪ የሚመርጡት ኦገስት ላይ በግቢ ውስጥ በሚደረግ ኢንተርቪው ነበር። አሁን ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከዚያ በብዙ ቀደም ብለው፣ የመጀመሪያው ሰመር ሳይጀመር ወይም ገና ሲጀመር ነው። ስለዚህ ያን መንገድ የሚፈልግ ተማሪ አዲሱ ቢሮ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወይም ከዚያም በፊት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እየጻፈ ነው፤ ለአለቃውም ይህን በግልጽ መንገር ይሻላል፤ ሁሉም ያውቁታል። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሦስት ነገር ሳይጠይቅ አይውጣ፦ ከጻፋቸው ማስታወሻዎች አንዱን የደንበኛው ስምና መለያ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ናሙና ሊጠቀምበት ይፈቀድለት እንደሆነ፤ አብራው የሠራችው ጠበቃ ለቀጣሪዎች ምስክር ትሆነው እንደሆነ፤ በሚቀጥለው ሰመር ይህን ሥራ የሚፈልግ ሌላ ተማሪ ቢመጣ ለማን እንዲጽፍ እንደሚነግረው። ሦስተኛው መልስ ለእሱ አይደለም። ኦገስት ላይ ትምህርት ለሚጀምረው፣ በቤቱ ጠበቃ ለሌለው ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ሲደውልለት እሱም ስልኩን ያንሣለት።